የኩንታሉ ሁለት ዜሮ

እህል በረንዳ በሄድኩ ቁጥር ዓይኔ ጤፉ ላይ ሳይሆን የነጋዴው ከንፈር ላይ ነው፤ ሲያሰላ ትንሽ ይንቀሳቀሳል። ኩንታል መቶ ኪሎ ነው። ጤፉ በ13,500 ብር ከተጠራ ሁለቱን ዜሮ መጣል ነው፤ ኪሎው 135። (ዋጋውን ለምሳሌ ያህል ነው የጠራሁት፤ የገበያው እስከ ማታ እንኳ አይቆይም።) 25 ኪሎ የሚል ሰው ሲመጣ ግን ነጋዴው 135ን በ25 ሲያባዛ አይታይም። የኩንታሉን ዋጋ ለሁለት ይገምሰዋል፣ 6,750፤ ደግሞ ይገምሰዋል፣ 3,375። እኔ ስልኬን ከኪሴ ሳላወጣ የጆንያው አፍ ታስሯል።

ቡና ላይ ዜሮ መጣል አይሠራም፤ ፈረሱላው 17 ኪሎ ነው። ኪሎው 600 ቢሆን አሥሩ 6,000፣ ሰባቱ 4,200፣ በቃ 10,200።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ተገላቢጦሹ ነው። ሱቅ የተላከ ልጅ «የመቶ ብር በርበሬ ስጪኝ» ይላል። ብሩ ታውቋል፣ የሚፈለገው ክብደቱ ነው። ኪሎው 800 ከሆነ መቶ ብር ስምንተኛው ነው፤ ባለሱቋ የሩብ ኪሎውን ግማሽ፣ 125 ግራም፣ ለመመዘን እጇ አያመነታም።

«እትዬ፣ መርቂልኝ» ይላል ልጁ። በማንኪያ ጫፍ ትጨምርለታለች። ለዚያችኛዋ ቀመር የለም።