የጤና ኤክስቴንሽን ሥልጠና መርሐ ትምህርት ሲመረመር

አንድ የሥልጠና መርሐ ትምህርት የሚመዘነው በያዛቸው አርእስት ብዛት ሳይሆን፣ ሠልጣኙ በሥራው ቦታ የሚገጥመውን ጥያቄ አስቀድሞ ዐውቆ እርሱን ለዚያ በማዘጋጀቱ ነው። ይህ ጽሑፍ በዚህ መለኪያ የሚመረምረው፣ በ1995 ዓ.ም. የተጀመረውንና ወደ ጤና ሙያ ከሚያስገቡት የመጀመሪያ ደረጃ ሥልጠናዎች መካከል ሰፊውን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን ሥልጠና ነው። ለአብነት የምንጠቅሰው ከምሥራቅ ጎጃም፣ ከዲማ አካባቢ ይሆናል።

ሐሳቡ በአገራችን እንግዳ አይደለም። በደምቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተቋቁሞ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን በቡድን ለገጠር ማሠልጠን ጀመረ። ከእነርሱ በታች ድሬሰሮችና ጤና ረዳቶች የገጠሩን ክሊኒክ ለረጅም ዘመን ተሸክመው ኖረዋል። ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላም የኅብረተሰብ ጤና ወኪሎች በጥቂት ወራት ሥልጠና ተሠማሩ፤ ነገር ግን ቋሚ ደመወዝ ስላልነበራቸውና ክትትሉም ስለሳሳ ብዙዎቹ ሥራውን ተዉት።

የ1995ቱ መርሐ ግብር ከዚህ ልምድ ትምህርት የወሰደ ይመስላል። በጊዜው 10ኛ ክፍልን ያጠናቀቁ ሴቶች ከየአካባቢያቸው ተመልምለው፣ 16 ፓኬጆችን በአንድ ዓመት ሠልጥነው፣ ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሆነው በመንግሥት ደመወዝ ተመደቡ። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ቁጥራቸው ከ30,000 አለፈ። ኋላም ሥልጠናው ወደ ደረጃ 4 የሚያድግበት መንገድ ተከፈተ። ውጤቱን ማቃለል ከእውነት መራቅ ነው። በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ በ1992 ዓ.ም. ከ1,000 ሕያው ልደት 166 የነበረው ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ሞት በ2008 ዓ.ም. ወደ 67 ወርዷል። ለዚህ ምክንያቱ አንድ ብቻ ባይሆንም፣ የእነዚህ ሴቶች ድርሻ ቀላል አይደለም። ሆኖም በዚሁ ዘመን በመጀመሪያው የሕይወት ወር የሚደርሰው ሞት ከ49 ወደ 29 ብቻ ነው የቀነሰው። የፊተኛው በ60 በመቶ ያህል ሲወርድ የኋለኛው በ40 በመቶ ገደማ መወሰኑ፣ ከእናቲቱ ጋር በጊዜ የሚደረገው ውይይት ምን ያህል ክብደት እንዳለው ያመለክታል። የእኛም ሒስ የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ነጥብ የቋንቋ ጉዳይ ነው። ለደረጃ ማሻሻያው በ2003 ዓ.ም. ገደማ የተዘጋጁት 13 ሞዱሎች የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው፤ ሠራተኛዋ ግን የምታስተምረው በአማርኛ፣ ያውም በገበሬ ቤት አማርኛ ነው። ከዲማ ብዙ በማይርቅ አንድ ቀበሌ ይህ ጸሐፊ ከአንዲት ሠራተኛ ጋር ቤት ለቤት ሲዘዋወር፣ አንዲት ነፍሰ ጡር «ልጄ፣ ሁለቱን ሾተላይ ወሰደብኝ፤ ይኸኛውን በምን ላቆየው?» ብላ ጠየቀቻት። ሠራተኛዋ ጥቂት ዝም ብላ «አይዞሽ እትዬ» አለችና ወደ መጸዳጃ ቤቱ ጉዳይ ተሻገረች። ጥፋቱ የእርሷ አልነበረም። ስለ ነፍሰ ጡር እንክብካቤ ተምራለች፤ ሾተላይ የሚለው ቃል ግን በተማረችበት ገጽ ላይ አልነበረም። ባለሙያዎች ይህን ስም ለእናትና ለፅንስ የደም ዓይነት አለመጣጣም ይጠቀሙበታል፤ በእናቶች አንደበት ግን ሕፃናትን በተከታታይ የሚነጥቅ መከራ ሁሉ ሾተላይ ነው። ስለሆነም ሕፃናቱ ስንት ቀን ቆዩ? የት ተወለዱ? እትብታቸው በምን ተቆረጠ? ብሎ መጠየቅና እናቲቱን ለደም ምርመራ ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ይገባ ነበር። ምች፣ ንዳድ፣ ቁርጠት የሚሉትም ስሞች እንዲሁ ፍቺ የሚሹ ናቸው። የመድኃኒት ስምና የመዝገብ ቅጽ በእንግሊዝኛ መሆኑ ለቀጣይ ትምህርት ይጠቅማል የሚለውን ክርክር እንቀበላለን፤ በቤት ውስጥ የሚነገረው ግን በሚነገርበት ቋንቋ መጠናት አለበት።

ሁለተኛው ነጥብ የማስተማር ዘዴን ይመለከታል። ከፓኬጆቹ አንዱ ትምህርተ ጤና ነው፤ አንድ ቤተሰብ «ሞዴል» ይባል ዘንድም 96 ሰዓት የሚወስድ ትምህርት እንዲያገኝ ታቅዶ ነበር። እንግዲህ ሠራተኛዋ ከሁሉ አስቀድማ የአዋቂዎች አስተማሪ ናት ማለት ነው። በመምህራን ማሠልጠኛ አንድ እጩ መምህር በባልደረቦቹና በአሠልጣኙ ፊት ደጋግሞ ሳያስተምርና ሳይታረም ወደ ክፍል አይላክም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠልጣኝ ግን መልእክቱን እንድትይዝ እንጂ፣ ከሚጠራጠር አባወራና ካዘነች እናት ጋር መነጋገርን እንድትለማመድ የተሰጣት ጊዜ አነስተኛ ነው።

በዚህ ረገድ አብነቱ ሩቅ አይደለም። የዲማ ጊዮርጊስ የቅኔ ጉባኤ ከሚታወቅባቸው ነገሮች አንዱ፣ እንደ ሌሎቹ የቅኔ ቤቶች ሁሉ፣ ተማሪው ሰሚ ብቻ ሆኖ የማይኖር መሆኑ ነው። ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ደረጃ በደረጃ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል፤ ለመምህሩ ወይም ለአስነጋሪው ይነግራል፤ ይታረማል፤ በማግሥቱ ደግሞ ሌላ ይዞ ይቀርባል። በእርግጥ ይህ ትምህርት ቤት ሴቶችን እምብዛም አላስጠጋም፤ በጎጃም ጽላሎ ቅኔ ያስተማሩት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ የታወቁት ብርቅ በመሆናቸው ጭምር ነው። እኛ የምንፈልገው ይዘቱን ሳይሆን ሥርዓቱን፣ ማለትም በየቀኑ ሠርቶ ማሳየትንና በየቀኑ መታረምን ነው።

ሦስተኛው ነጥብ ምዘናን ይነካል። በሙያ ሥልጠና መመሪያ መሠረት 70 በመቶው ተግባራዊ፣ 30 በመቶው ንድፈ ሐሳባዊ እንዲሆን ታስቧል። ይሁንና ሠልጣኟ በጤና ኬላ መገኘቷ ብቻ ተግባር ተብሎ ከተቆጠረ፣ መቶኛው ከወረቀት አያልፍም። አሠልጣኙ አጠገቧ ተቀምጦ የቤት ጉብኝቷን ካላየና ካላረመ ልምምድ ተደረገ ማለት አይቻልም። የብቃት ምዘናውም ከተጻፈ መልስ ይልቅ በእውነተኛ ጉብኝት ላይ ቢመሠረት ይበልጥ የታመነ ይሆናል።

ከ2012 እስከ 2027 ዓ.ም. የተዘረጋው የመርሐ ግብሩ ፍኖተ ካርታ በአንዳንድ ጤና ኬላዎች ነርሶችንና አዋላጆችን ለመጨመር ያቅዳል። የባለሙያው ቁጥርና ማዕረግ ማደጉ መልካም ነው፤ ነገር ግን የሥልጠናው ስልት ሳይታረም ሠራተኛ ቢጨመር፣ ያቺ እናት የምታገኘው ዝምታ ከአንድ ሰው ይልቅ ከሦስት ሰው የሚመጣ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ለዕቅድ አውጪዎች ሦስት ነገር እናሳስባለን፦ በየአካባቢው የሚነገሩ የሕመም ስሞች ከነፍቺያቸው ተሰብስበው የመማሪያ ክፍል ይሁኑ፤ የአዋቂዎች ማስተማሪያ ዘዴ ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኖ ከመምህራን ማሠልጠኛዎች ጋር በኅብረት ይሰጥ፤ የመስክ ልምምዱም አራሚ ባለበት ይፈጸም። ሦስቱም አዲስ ሕንፃ አይጠይቁም። የሚጠይቁት፣ አሠልጣኙ ከመማሪያ ክፍል ወጥቶ ከሠልጣኟ ጋር እስከ ገበሬው ደጃፍ ድረስ በእግሩ መሄዱን ነው።