የቢላል «ሲን»፦ የሐዲስ ምርመራን ስለማስተማር

በመድረሳዎቻችን የሐዲስ ምርመራ ዕውቀት የሚሰጠው በአብዛኛው በሒፍዝ ነው። ደረሳው የበይቁኒያን 34 ስንኞች በቃሉ ይወጣል፤ የሰሒሕን፣ የዶዒፍንና የመውዱዕን ትርጓሜ ሲጠየቅ ሳይደናቀፍ ይመልሳል። ትችታችን በሒፍዙ ላይ ሳይሆን ሒፍዙ ወደ ሥራ ሳይሸጋገር በመቅረቱ ላይ ነው።

አንድ ምሳሌ እናንሳ። ቢላል (ረ.ዐ.) በአዛን ላይ «ሺን»ን «ሲን» አድርጎ ያነብ እንደነበር፣ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) የቢላል ሲን በአላህ ዘንድ ሺን መሆኗን እንደተናገሩ በብዙ ሚንበሮች ይተረካል። እኛ ሐበሾች በተለይ በፍቅር እንተርከዋለን፤ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢዎችም ተርከነዋል። ሆኖም በ774 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ኢብኑ ከሢር አባባሉ መሠረት እንደሌለው፣ ቢላልም አንደበተ ርቱዕ እንደነበር ጽፈዋል።

ይህንኑ አባባል ለከፍተኛ ደረሶቻችን ሰጥተን ምንጩን እንዲፈልጉ አዘዝን። አንዱ በሰኻዊ «አል-መቃሲድ አል-ሐሰና» ውስጥ በማግኘቱ ሰሒሕ ነው ብሎ ደመደመ፤ ኪታቡ የተጻፈው ግን በሰዎች አንደበት የተለመዱ አባባሎችን ሰብስቦ እውነተኛውን ከመሠረተ ቢሱ ለመለየት ነው። ሌላው ታሪኩን በኢብኑ ቁዳማ «አል-ሙግኒ» አገኘ፤ ነገር ግን «ሩዊየ»፣ ማለትም «ተወርቷል» በሚል ቃል ብቻ መቅረቡን አላስተዋለም። ሁለቱም ማግኘትን ከማረጋገጥ ጋር አምታቱ። አንድ ቃል በስልክ ጽፎ ብዙ ኪታቦችን መፈተሽ በሚቻልበት በዚህ ዘመን ደግሞ ስሕተቱ ይበልጥ ይቀላል።

ስለዚህ መምህሩ ከትርጓሜው ቀጥሎ አራት ጥያቄዎችን ሊያስለምድ ይገባል፦ ኪታቡ ለምን ዓላማ ተጻፈ? ዘገባው ሰነድ አለውን? ሊቃውንቱ ምን ፈረዱበት? መትኑስ ከጸናው ዘገባ ጋር ይስማማልን? በዚህ ጉዳይ የመጨረሻው ጥያቄ ብቻውን ብዙ ያስረዳል። አቡ ዳውድና ቲርሚዚ እንደዘገቡት፣ አዛኑን በሕልሙ ያየው ዐብዱላህ ኢብኑ ዘይድ ሆኖ ሳለ ለቢላል የተሰጠው ድምፁ የተሻለ ስለነበረ ነው። በዐረቦች መካከል ያደገና በየዕለቱ በአደባባይ የሚጣራ ሰው እንዲህ ያለ ጉድለት ቢኖርበት ኖሮ መናፍቃን ዝም ባላሉ ነበር።

ታሪኩ ልብ ስለሚነካ መተዉ ይከብዳል። ነገር ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያልተናገሩትን በስማቸው መናገር ከባድ ወንጀል ነው፤ ቢላልንም በሌለበት እንከን ማወደስ ክብር አይሆነውም። እኛ ቀድሞ የተናገርነውን በዚያው ሚንበር ላይ ቆመን አርመናል። ጀመዓው አልተቆጣም፤ ደረሶቹም በቀጣዩ ሳምንት ከኹጥባ የሰሟቸውን ሌሎች ሦስት ሐዲሶች ሊመረምሩ ይዘው መጡ።