የመጽሐፍ ሽያጭ ቆጠራ እንደ ደራሲ ሙያ

አንድ መጽሐፍ ከማተሚያ ቤት ተነሥቶ አንባቢ እጅ እስኪገባ ድረስ ሦስት ጊዜ ሊቆጠር ይችላል፤ መጀመሪያ ሲታተም፣ ቀጥሎ ከመጋዘን ወጥቶ ወደ አከፋፋይና ወደ መደብር ሲሠራጭ፣ በመጨረሻም ገዥው ዋጋውን ከፍሎ ሲወስደው። ከሦስቱ ቆጠራዎች የሚገኙት ቁጥሮች እኩል የሚሆኑበት ጊዜ ጥቂት ሲሆን፣ በመካከላቸው ያለው ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ ከደራሲው ዕውቀት ውጭ የሚቀር፣ ነገር ግን ገቢውንና የቀጣይ ሥራውን ዕድል የሚወስን ነው። ስለዚህ «መጽሐፉ እየተሸጠ ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ በቂ መልስ የሚያገኘው፣ ማን፣ በየትኛው ደረጃ ላይ፣ መቼ እንደቆጠረው አስቀድሞ ሲታወቅ ነው። ሽያጭን ማወቅም መጽሐፉ ገበያ ላይ ከዋለ በኋላ በወሬና በግምት የሚፈለግ ነገር ሳይሆን፣ እንደ አርትዖትና እንደ ገጽ ቅንብር ሁሉ ከኅትመት በፊት ሊታሰብበት የሚገባ የሙያው አካል ነው።

የመጀመሪያው ቆጠራ፣ ማለትም የታተመውን ቅጂ መጠን ማወቅ፣ ቀላል ቢመስልም በደራሲና በአሳታሚ መካከል ብዙ ጥርጣሬ ያስነሣ ጉዳይ በመሆኑ፣ የተለያዩ አገሮች የየራሳቸውን መላ አበጅተውለታል። በጃፓን ከሜጂ ዘመን ጀምሮ እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት ድረስ «ኬንኢን» የሚባል ልማድ ነበር፤ አሳታሚው በሚታተመው ቅጂ ልክ ትንንሽ ወረቀቶችን ለደራሲው ይልክና ደራሲው በእያንዳንዱ ላይ የግል ማኅተሙን አድርጎ ሲመልስለት፣ ወረቀቶቹ የኅትመት መረጃ በሚሰፍርበት በመጽሐፉ የመጨረሻ ገጽ ላይ እየተለጠፉ ይሸጡ ነበር። ደራሲው ያላተመበት ቅጂ ሕጋዊ አለመሆኑ በግልጽ ስለሚታይ፣ የማኅተሙ ብዛት የክፍያው መሠረት ይሆን ነበር ማለት ነው። በሶቪየት ኅብረት የታተመው ቅጂ ብዛት በየመጽሐፉ የኅትመት መረጃ ውስጥ ይጻፍ ስለነበር ማንኛውም አንባቢ ሊያየው ይችል ነበር፤ በቱርክ ደግሞ ለገበያ በሚቀርብ መጽሐፍ ላይ «ባንድሮል» የተባለውን የደኅንነት ተለጣፊ ማድረግ በሕግ ግዴታ በመሆኑ፣ የተለጣፊዎቹ ቁጥር ሕገ ወጥ ኅትመትን ለመለየት ብቻ ሳይሆን የአገሪቱን የመጽሐፍ ምርት ለመገመትም ያገለግላል። ሁሉም ዘዴዎች ግን አንድ የጋራ ወሰን አላቸው፤ የሚነግሩት ስንት ቅጂ እንደታተመ እንጂ ስንቱ እንደተሸጠ አይደለም።

ሁለተኛው ቆጠራ፣ ማለትም የሥርጭቱ፣ ይበልጥ አሳሳች ነው፤ ምክንያቱም ከመጋዘን የወጣ መጽሐፍ ሁሉ ተሽጧል ብሎ ማመን ለደራሲም ለአሳታሚም ደስ የሚያሰኝ ስሕተት ነው። በአሜሪካ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በደረሰው ታላቅ የኢኮኖሚ ውድቀት ወቅት አሳታሚዎች መደብሮች መጽሐፍ ለማዘዝ እንዳይፈሩ ሲሉ ያልተሸጠውን መልሰው ለመቀበል ተስማሙ፤ ያ ልማድም እስከ ዛሬ ስለጸና፣ በአንድ ወር እንደተሸጠ የተመዘገበ ቅጂ ከወራት በኋላ ተመላሽ ሆኖ ከሒሳቡ ሊቀነስ ይችላል። የአሜሪካ አሳታሚ ለደራሲው የሚልከው የሮያሊቲ መግለጫ፣ ማለትም ደራሲው ከሽያጩ የሚደርሰውን ድርሻ የሚያሳየው የሒሳብ ሰነድ፣ እንደ ልማዱ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚወጣና የሒሳብ ጊዜው ከተዘጋ ከወራት በኋላ የሚደርስ ሲሆን፣ ለሚጠበቀው ተመላሽ ተብሎ የተያዘ ገንዘብም ይቀነስበታል። ይህን ሰነድ የሚያነብ ደራሲ የተላከውን፣ የተመለሰውንና በመያዣነት የተቀነሰውን ለያይቶ ካላየ በቀር፣ የገቢው ማነስ ከአንባቢ መጥፋት የመጣ ይሁን ከሒሳብ አያያዝ ሊያውቅ አይችልም።

ሦስተኛውና ለእውነቱ የሚቀርበው ቆጠራ ገንዘብ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ የሚደረገው ነው፤ ይህም ሊሠራ የቻለው እያንዳንዱ መጽሐፍ የራሱ መለያ ቁጥር ስላገኘ ነው። በእንግሊዝ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተጀመረው የመጽሐፍ መለያ ቁጥር በ1970 (እ.ኤ.አ.) አይ.ኤስ.ቢ.ኤን. በሚል ስም ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆነ፤ ከጥር 2007 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮም 13 አኃዝ ያለው ሆኗል። የኢትዮጵያ መጻሕፍት ከ978 ቀጥሎ እንደ 99944 ያለ የአገር መለያ ይይዛሉ። በዚህ ቁጥር መሠረት በ2001 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ሥራ የጀመረው ቡክስካን የተባለው አገልግሎት ከመደብሮች የሽያጭ ማሽን በየሳምንቱ መረጃ እየሰበሰበ ለአሳታሚዎች ሲሸጥ ቆይቷል፤ ከ2010 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ አማዞን ይህንኑ መረጃ ለደራሲዎች በነፃ ማሳየት ጀመረ። ሆኖም አገልግሎቱ ለቤተ መጻሕፍት የተሸጠውን፣ ደራሲው በየመድረኩ በእጁ የሸጠውንና የኤሌክትሮኒክ ቅጂውን አይቆጥርም። አማዞን ላይ የሚታየው የሽያጭ ደረጃም መጽሐፉ ከሌሎች መጻሕፍት አንጻር የት እንደቆመ የሚያሳይ እንጂ የቅጂ ብዛት አይደለም፤ በቀን ውስጥ ደጋግሞ የሚለዋወጥ በመሆኑም ጥቂት ቅጂዎች በአንድ ጊዜ ሲሸጡ ከፍ ብሎ ወዲያው ሊወርድ ይችላል።

በኢትዮጵያ ያለው ሁኔታ ከዚህ ሁሉ የተለየ ቅርጽ አለው። ብዙ የአማርኛ ደራስያን የማተሚያውን ወጪ ራሳቸው ስለሚሸፍኑ የመጀመሪያውን ቁጥር በትክክል ያውቁታል፤ የሚጨልምባቸው ከዚያ በኋላ ያለው ጉዞ ነው። መጽሐፉ ለአከፋፋይ የሚሰጠው ወይ ከፍ ያለ ቅናሽ ተደርጎለት በእጅ በእጅ ክፍያ፣ ወይም ሲሸጥ ሊከፈል በዱቤ ነው፤ ከአከፋፋዩ ወደ መጽሐፍ መደብሮች፣ ወደ ክፍለ ሀገር ከተሞችና በየመንገዱ መጻሕፍት ደርድረው ወደሚዞሩ አዟሪዎች ይተላለፋል፤ በእያንዳንዱ ርምጃም ቁጥሩ በአንዱ ደብተር ተጽፎ በሌላው ሳይጻፍ ይቀራል። ሽያጩን ከየመደብሩ ሰብስቦ የሚያሳውቅ ማዕከል ስለሌለ፣ የደራሲው ምስክር የሚሆነው አከፋፋዩ «አልቋል፣ ጨምርልን» ብሎ መደወሉ ወይም ዝም ማለቱ ነው። በእጅ በእጅ ክፍያ የሸጠ ደራሲ ገንዘቡን ቢያገኝም መረጃውን ያጣል፤ በዱቤ የሰጠ ደግሞ መረጃውን የማግኘት መብት ይኖረዋል፣ ነገር ግን ካልጠየቀ አያገኘውም።

ይህን ክፍተት ለመሙላት የሚያስፈልገው ሰነድ ውስብስብ አይደለም። ከታተመው ላይ በነፃ የተሰጠውን፣ በደራሲው ቤት ያለውን፣ በአከፋፋይና በመደብሮች መደርደሪያ በቆጠራ የተገኘውን መቀነስ ብቻ ነው። ለምሳሌ 3000 ቅጂ የታተመ መጽሐፍ 120 በስጦታና ለቤተ መጻሕፍት ተሰጥቶ፣ 700 በደራሲው ቤት ቀርቶ፣ ከተሠራጨው 2180 ውስጥ 480 በአከፋፋዩ መጋዘን፣ 300 በመደብሮች መደርደሪያ ቢገኝ፣ አንባቢ እጅ የገባው 1400 ነው። ሥርጭቱን እንደ ሽያጭ የቆጠረ ደራሲ በ780 ቅጂ ተሳስቶ ሁለተኛ ዕትም ሊያሳትምና ገንዘቡን መጋዘን ውስጥ ሊያስቀምጥ ይችላል። በመጽሐፍ ምረቃ ዕለት የተሸጠውንም ለብቻው መመዝገብ ያሻል፤ የዚያን ዕለት ገዥዎች በአመዛኙ ወዳጅ ዘመድና የሙያ ባልደረቦች በመሆናቸው፣ የማያውቀው አንባቢ መጽሐፉን ስለመፈለጉ ብዙ አይናገሩም።

ቆጠራው የሚጸናው ግን በውል ሲደገፍ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ አሳታሚ ውል ድንጋጌዎች አሉት፤ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ም ሥራውን የማባዛትና የማሠራጨት መብት የደራሲው መሆኑን ያረጋግጣል። ከዚህ መብት ተነሥቶ የሚጻፍ ውል የኅትመቱን መጠን፣ ርክክቡ በየትኛው ሰነድ እንደሚፈጸም፣ ያልተሸጠው ቅጂ በየስንት ወሩ እንደሚቆጠር፣ ደራሲውም ማተሚያ ቤቱ የሰጠውን ደረሰኝ የማየት መብት እንዳለው በግልጽ ሊያስቀምጥ ይገባል። ከዚህም ሌላ በአማርኛ መጻሕፍት የመጀመሪያ ገጾች ላይ የዕትሙ ተራ ቁጥርና ዓመተ ምሕረት ሲጻፍ፣ የታተመው ቅጂ ብዛትም አብሮ ቢጻፍ ትልቅ ጥቅም ይኖረዋል፤ የ500 ቅጂ «አምስተኛ ዕትም»ና የ5000 ቅጂ «አንደኛ ዕትም» በተመሳሳይ ዓይን እንዳይታዩ የሚያደርገው ይህ አንድ መስመር ነውና።

በትክክል የተገኘ ቁጥርም ቢሆን ሲነበብ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብዙ ተሽጦ የቆመ መጽሐፍና በየወሩ ጥቂት ጥቂት እየተሸጠ ዓመታት የዘለቀ መጽሐፍ ድምራቸው እኩል ቢሆን እንኳ ለቀጣዩ ዕትም የሚሰጡት ምክር ይለያያል፤ ስለዚህ የሽያጩ መጠን ብቻ ሳይሆን ፍጥነቱና ቦታው ይመዘገባል። ሽያጭ ከንባብ ጋር እኩል አለመሆኑም መዘንጋት የለበትም። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ሲታገድ የሽያጭ ቁጥሩ በዚያው ቆመ፤ አንባቢዎቹ ግን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ አነበቡት። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተረክ፣ መጽሐፉን ገዝተው የማያውቁ ብዙ አድማጮች ታሪኩን የራሳቸው አድርገውታል። አንድን ቅጂ በኪራይና በውሰት ብዙ ሰው በሚያነብበት አገር፣ የተሸጠው ቅጂ የአንባቢውን ቁጥር መነሻ እንጂ መጨረሻውን አያሳይም።

ይህ ወሰን ቆጠራን ለመተው ምክንያት ሊሆን አይችልም። የመጽሐፉን ሁኔታ በሰነድ የሚያውቅ ደራሲ ከአከፋፋዩ ጋር በእኩልነት ይደራደራል፣ ከተሸጠው በላይ ቅጂ በገበያው ሲያይ በሕገ ወጥ መንገድ መባዛቱን ይለያል፣ መቼ ዳግመኛ እንደሚያሳትምም በምክንያት ይወስናል። በግምት የሚሠራው ደግሞ የአንባቢውን ፍላጎት ከሌሎች ሰዎች አፍ ብቻ ስለሚሰማ፣ ሳልነበብ ቀረሁ ብሎ ብዕሩን ሊያስቀምጥ ወይም ሳይሸጥለት ተሸጠልኝ ብሎ ሊከስር ይችላል። የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ደራስያን በሥራቸው እንዲኖሩና ደግመው እንዲጽፉ ከተፈለገ፣ የቅጂ ቆጠራ ደራሲው፣ አሳታሚውና አከፋፋዩ በጋራ ተፈራርመው የሚይዙት መደበኛ ሥራ መሆን አለበት፤ ለዚህም ከቀጣዩ መጽሐፍ የርክክብ ሰነድ መጀመር ይቻላል።