ካሳ ወይስ ቴዎድሮስ? የአንድ ስም ምንጭና አገልግሎት በታሪካዊ ድርሰቶቻችን ንባብ

ስለ ዳግማዊ ቴዎድሮስ የተደረሱ ልብ ወለዶችንና ተውኔቶችን የሚመረምር ተማሪ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከታሪኩ እውነትነት ነው። ድርሰቱ ከዜና መዋዕሉ የቱን ወሰደ፣ የቱን ጣለ፣ የቱን ጨመረ እያለ ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ከእርሱ የሚቀድም አንድ ትንሽ ጥያቄ አለ፤ ደራሲው ሰውየውን ማን ብሎ ይጠራዋል? ሰውየው እስከ የካቲት 1847 ዓ.ም. ድረስ ካሳ ኃይሉ ነበር፤ በደረስጌ ማርያም ቅብዐ መንግሥት ከተቀባ በኋላ ቴዎድሮስ ተባለ። ሁለቱን ስሞች የአንድ ሰው መለያ ብቻ አድርጎ ማለፍ የተለመደ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ «ካሳ» የሚለው ስም ከምን እንደመነጨና እነማን እንደተጠሩበት መመርመር፣ ከዚያም ሁለቱ ስሞች በሰውየው ላይ የተለያየ ፍርድ እንደሚሰጡና ይህን ልዩነት ያላስተዋለ ሂስ የድርሰቱን ግማሽ ሳያነብ እንደሚቀር ማሳየት ነው።

በመጀመሪያ የስሙን ምንጭ እንመልከት። «ካሳ» ከ«ካሰ» ግሥ የወጣ ስም ነው። በጽሑፍ «ካሣ» እየተባለ በሠራዊቱ «ሠ»ም ይገኛል፤ የፊደሉ ልዩነት ግን ትርጉሙን አይለውጠውም። የጠፋን መተካት፣ የተበደለን መካስ፣ ለተጎዳ የጉዳቱን ዋጋ መስጠት ነው። ቃሉ በሽማግሌዎች ሸንጎና በፍርድ ቤት የሚሠራበት በዚሁ ፍቺ ነው። ወደ ሰው መጠሪያነት ሲሻገርም ይህን ፍቺ ይዞ ነው የሚሻገረው። ልጅ የሞተባት እናት ቀጥሎ ለተወለደው የምታወጣው ስም ነው። ዘመዶቹም ብዙ ናቸው፤ ካሳሁን፣ ካሳዬ፣ ካሳነሽ፣ ካሰች ከአንድ ግሥ የተወለዱ ሲሆኑ፣ ምትኩ፣ ተካ፣ ተካልኝ፣ ማስረሻ ደግሞ በግሥ ባይዛመዱም በምክንያት ይዛመዳሉ። ሰዋስዋቸውን ያስተዋለ እያንዳንዱ ለየራሱ አድማጭ እንደሚናገር ይገነዘባል። «ካሳሁን» ልጁን ያዝዛል፤ «ካሳነሽ» ልጅቱን ፊት ለፊት ያናግራል፤ «ካሳዬ» የወላጅን ባለቤትነት ይገልጣል። «ካሳ» ብቻውን ሲቆም ግን ማን ለማን እንደካሰ አይናገርም። ከዚህ የተነሣ ለብዙ ዓይነት አገልግሎት የተመቸ ክፍት ስም ሆኗል።

ከዚህ የምንረዳው ሌላም ነገር አለ። ካሳ ፊቱን ወደ ኋላ ያዞረ ስም ነው። ልጁ ገና ሳይናገር፣ ሳይሠራ፣ ከእርሱ በፊት የነበረ ጉድለት ተቆጥሮበታል። የስሙ ባለቤት የሌላ ሰው ዕዳ ከፋይ ሆኖ ነው ወደ ዓለም የሚመጣው።

በ19ኛው መቶ ዓመት ይህ ስም በአንድ ከተማ ሁለት ጊዜ ዙፋን አጠገብ ቆሟል። በጉና ተራራ አቅራቢያ የተቆረቆረችው ደብረ ታቦር በዘመነ መሳፍንት የየጁዎቹ ራሶች መቀመጫ ነበረች። ቋረኛው ካሳ ኃይሉ በመጀመሪያ የራስ ዓሊን ልጅ ተዋበችን በማግባት የዚህ ቤት አማች ሆነ፤ በሰኔ 1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ ራስ ዓሊን ድል አደረገ፤ ከነገሠ በኋላም ደብረ ታቦርን ዋና መቀመጫው፣ አጠገቧ ያለችውን ጋፋትን የመድፍ መሥሪያው አደረጋት። እርሱ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሱን ከገደለ በኋላ፣ ለእንግሊዝ ጦር መንገድ የከፈተው የትግራዩ ካሳ ምርጫ ከተመላሹ ጦር መሣሪያ ተቀበለ፤ በጥር 1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ ዮሐንስ ተብሎ ነገሠ፤ እርሱም ደብረ ታቦርን ከመቀመጫዎቹ አንዷ አደረጋት። እንግዲህ ከተማይቱ በተከታታይ ሁለት ካሶችን አስተናግዳለች፤ ሁለቱም ዘውድ ሲጭኑ ስሙን ትተውታል። በቀጣዩ መቶ ዓመት ደግሞ ሦስተኛው እውቅ ካሳ ይመጣል። በ1928 ዓ.ም. በሰሜን ግንባር ጦር የመራው ልዑል ራስ ካሳ፣ የአባቱ ስም ኃይሉ በመሆኑ፣ ከቴዎድሮስ የልደት ስም ጋር ፊደል በፊደል ሞክሼ ነው። ይህኛው ግን ንጉሥ ስላልሆነ ስሙን እንደያዘ በ1949 ዓ.ም. አረፈ።

ሞክሼዎችን ለመለየት ሕዝቡ የተጠቀመበት ዘዴ የፈረስ ስም ነው። ቋረኛው «አባ ታጠቅ ካሳ»፣ ትግሬው «አባ በዝብዝ ካሳ» ተባሉ። እዚህ ላይ የቋንቋ ተማሪ ቆም ሊል ይገባል። የፈረስ ስሞቹ ትእዛዞች ናቸው፤ አንዱ «ታጠቅ»፣ ሌላው «በዝብዝ» ይላል። ቀጥሎ የሚመጣው የልደት ስም ግን የመመለስና የመተካት ስም ነው። «በዝብዝ» እና «ካሳ» በአንድ ትንፋሽ ሲጠሩ ዘራፊውና ካሹ በአንድ ሰው ላይ ይገናኛሉ። ይህ ኅብር በማንም ደራሲ የታሰበ አይደለም፤ ቋንቋው ራሱ የሠራው ነው። የቃል ገጣሚ ግን እንዲህ ያለውን ዕድል አያሳልፍም። ሰምና ወርቅ የሚሠራው ስሙ ትርጉሙን እንደያዘ በሰው ጆሮ ሲደርስ ነውና።

ቴዎድሮስ በዚህ ረገድ ከካሳ ፍጹም ይለያል። ስሙ ግሪክኛ ነው፤ «ቴዎስ» አምላክ፣ «ዶሮን» ስጦታ ማለት ነው። ሩሲያውያን ፍዮዶር፣ እንግሊዞች ቴዎዶር የሚሉት ይኸው ስም ሲሆን፣ ክፍሎቹ ቦታ ሲለዋወጡ ደግሞ ዶሮቴያ የሚለው የሴት ስም ይገኛል። ለአማርኛ ተናጋሪ ግን ትርጉሙ የታሸገ ነው። ሀብተ ማርያም ወይም ሀብተ ሥላሴ የሚባል ሰው ስሙ ስጦታ እንደሚል ያውቃል፤ ቴዎድሮስ የሚባለው ግን ካልተነገረው በቀር አያውቅም። ስለዚህ ስሙ ኃይሉን ያገኘው ከትርጉሙ ሳይሆን ከታሪኩ ነው። በፍካሬ ኢየሱስ ከመከራ ዘመን በኋላ ከምሥራቅ ተነሥቶ በጽድቅ የሚገዛ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ እንደሚመጣ ተነግሯል። በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ለጥቂት ወራት የነገሠ ቀዳማዊ ቴዎድሮስም ነበር። ካሳ ኃይሉ ይህን ስም ሲመርጥ የመረጠው ትንቢቱን ነው። ካሳ ወደ ኋላ እንደሚያይ ሁሉ ቴዎድሮስ ወደ ፊት ያያል፤ አንዱ የዕዳ ስም ነው፣ ሌላው የተስፋ።

ግልጽ ስምና ዝግ ስም በድርሰት ውስጥ የሚሠሩት ሥራ የተለያየ መሆኑን ለማስረዳት የንጉሡን ልጅ መጥቀስ ይበቃል። በሰባት ዓመቱ ከመቅደላ ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ሊድስ ከተማ የሞተው ልዑል ዓለማየሁ ይባላል። «ዓለም» ደስታም ነው፣ ምድርም ነው። የሰም ፍቺው የወላጅ ደስታ ሲሆን፣ የልጁ ሕይወት ሁለተኛውን ፍቺ በግድ አምጥቶበታል። ይህን ስም በድርሰቱ የሚጠራ ጸሐፊ አንድም ቃል ሳይጨምር ምጸት ያገኛል። ከ«ቴዎድሮስ» ግን እንዲህ ያለ ምጸት አይገኝም፤ ትንቢቱን ቀድሞ መተረክ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ድርሰቶቹ እንመለስ። የግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ተውኔት «ቴዎድሮስ» ይባላል። የጸጋዬ ገብረ መድኅን ተውኔትም እንዲሁ። የብርሃኑ ዘሪሁን ልብ ወለድ «የቴዎድሮስ ዕንባ» ነው። በአርእስቶቹ ላይ የዘውዱ ስም አሸንፏል። በተውኔት ረገድ ለዚህ የዘርፉ ጠባይ አስተዋጽኦ አለው፤ በመዝገበ ተዋንያንና በንግግሮች መነሻ ላይ አንድ ገጸ ባሕርይ የሚጻፈው እንደ ደንቡ በአንድ ስም ነው። ተመልካቹ ሌላውን ስም የሚሰማው በሌሎች ገጸ ባሕርያት አፍ ብቻ ነው። ስለዚህ በተውኔት ውስጥ «ካሳ» ብሎ የሚጠራ ሁሉ፣ ወዳጅም ይሁን ጠላት፣ ከዘውዱ በፊት የነበረውን ሰው ያስነሣል። የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ የሚሰድቡት መኳንንት የሚፈልጉት ይህንኑ ነው፤ ስመ መንግሥቱን ገፈው ወደ እናቱ ቤት ሊመልሱት። ያሳደገው ወይም የሚወደው ሰው ያንኑ ስም ሲጠራ ደግሞ ያው ድርጊት ፍቅር ይሆናል። አንድ ስም ስድብም እንግልግልም የሚሆነው በጠሪው ነው።

የብርሃኑ ዘሪሁን አርእስት ለየት ያለ ነገር ያደርጋል። ዕንባ የሰው እንጂ የዙፋን አይደለም፤ ደራሲው ግን ያለቀሰውን ሰው በዘውድ ስሙ ጠራው። በአርእስቱ ብቻ ትንቢቱንና ሰውየውን አጋጥሟቸዋል።

ከሁሉም የሚያስገርመው ግን አቤ ጉበኛ ለታሪካዊ ልብ ወለዱ የሰጠው አርእስት ነው። «አንድ ለናቱ» ካሳንም ቴዎድሮስንም አይጠራም። ሆኖም ከሁለቱ ስሞች ለየትኛው እንደሚቀርብ መለየት አያዳግትም። እናት አለች፤ አንድ ልጅ አለ፤ ቁጥር አለ። የካሳ ስም የተወለደበት ቤት ይኸው ነው። ይሁን እንጂ አርእስቱ ስሙን ይደግመዋል ብዬ አላምንም፤ ይሞግተዋል እንጂ። ካሳ ማለት ምትክ ነው፤ «አንድ ለናቱ» ደግሞ ምትክ የለውም። የሌላ መተኪያ የሆነው ሰው ራሱ መተኪያ የሌለው ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ይህ ተቃርኖ ልብ ወለዱን ለሚያነብ ሁሉ ጥሩ መግቢያ በር ነው፤ የቴዎድሮስ ሞት በድርሰት ውስጥ ከሽንፈት በላይ የሚከብደው ማንም የማይክሰው ጉድለት ሆኖ ስለሚቀርብ ነውና።

የስም ጉዳይ ለምን ይህን ያህል ያሳስበናል? ምክንያቱ የፍርድ ነው። ጎንደር በ1859 ዓ.ም. በንጉሡ ጦር ተዘርፋ ተቃጠለች። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ሴባስቶፖልን አስጎትቶ ወደ መቅደላ ሲነሣ ደብረ ታቦርን ራሱ አቃጥሏት ሄደ። ሕዝቡን ያስጨነቀውና ከተማውን ያነደደው ሰው «ቴዎድሮስ» ተብሎ ሲተረክ እሳቱ የታላቁ ትንቢት ክፋይ፣ የአንድነት ዋጋ፣ የጀግና ቁጣ መስሎ የመታየት ዕድል አለው። «ካሳ» ተብሎ ሲተረክ ግን ስሙ ራሱ ይጠይቃል፤ ለተቃጠለው ቤት ካሳው ማን ነው? የበጌምድር ገበሬ ጉዳት በዘውድ ስሙ ሥር ሊሸፈን ይችላል፤ በልደት ስሙ ሥር ግን አይሸፈንም። ይህን ስል ንጉሡን ለማሳነስ አይደለም። ሕዝቡ ራሱ ከሞቱም በኋላ «መይሳው ካሳ» እያለ በፍቅር ይጠራዋል። ስመ መንግሥቱ የልደት ስሙን ያልዋጠው ሕዝቡ ፍቅሩንም ዕዳውንም በአንድ ቃል ሊይዝ ስለፈለገ ይመስለኛል።

በዚህ ሐሳብ ላይ ተገቢ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ስም በአገልግሎት ብዛት ይደበዝዛል፤ በገበያ ውስጥ ካሳን የሚጠራ ሰው የሞተ ልጅ አያስታውስም፤ ስለዚህ በየገጹ ትርጉም መፈለግ ከድርሰቱ የሌለውን ማውጣት ነው ሊባል ይችላል። በዕለት ንግግር ረገድ ተቃውሞው እውነት ነው። የሥነ ጽሑፍ አንዱ ሥራ ግን የደበዘዘውን ቃል ማንቃት ነው። ቢሆንም ማስረጃው ከድርሰቱ ውስጥ መገኘት አለበት። ስለዚህ ተማሪው በሚያነበው ገጽ ላይ ሦስት ነገሮችን ይመዝግብ፤ ጠሪው ማን ነው? የተጠራው ከዘውዱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ተራኪው በራሱ ድምፅ ሲናገር የትኛውን ስም ይመርጣል? ተራኪው ከንግሡ በኋላ ወደ «ካሳ» የሚመለስበት ቦታ ካለ ትርጉም ያለው እዚያ ነው። ሁለቱን ስሞች ያለ ልዩነት የሚያፈራርቅ ከሆነ ግን የስሙ ትርጉም በዚያ ድርሰት ውስጥ አልሠራም፤ ሃያሲውም ይህንኑ በግልጽ መናገር አለበት።

ሁለቱ ስሞች ዛሬም በሕይወት አሉ። በአዲስ አበባ አደባባይ፣ በጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ ላይ የተጻፈው «ቴዎድሮስ» ነው፤ የመንግሥት ሐውልትና ምልክት የዘውድ ስም ይወዳል። በቤት ውስጥ ግን ካሳና ካሳሁን አሁንም ይወለዳሉ። በ2009 ዓ.ም. በወጣው አልበሙ ስለ ንጉሡ የዘፈነው ድምጻዊ በመዝገብ ስሙ ቴዎድሮስ ካሳሁን ነው። የአባት ስም ከልጅ ስም በኋላ በሚቆምበት ልማዳችን፣ የተስፋው ስም ከፊት፣ የዕዳው ስም ከኋላ ሆነው በአንድ ሰው ላይ ተሰልፈዋል። የደብረ ታቦርና የአካባቢዋ የቃል ግጥም በሚሰበሰብበት ጊዜም ሰብሳቢው ግጥሙን ብቻ ሳይሆን በግጥሙ ውስጥ ንጉሡ በየትኛው ስም እንደተጠራ ለይቶ ቢጽፍ፣ ሕዝቡ በንጉሡ ላይ የሰጠውን ፍርድ ከራሱ ከሕዝቡ ቃል ለመረዳት እንችላለን።