ሰርሳሪዋ

ይህን ቀዳዳ እዩልኝ! ከቀይ ባሕር ዳርቻ የመጣ፣ አውራ ጣት ጥፍር የማያክል ዛጎል ነው። ላዩ ላይ ፍጹም ክብ ቀዳዳ አለ፤ ከውጭ ሰፋ ብሎ ወደ ውስጥ እየጠበበ የሚገባ፣ ጠርዙ ቅንጣት ያልተሸረፈ። የአንጥረኛ መብሻ አልነካውም። የበሳችው የጨረቃ ቀንድ አውጣ የሚሏት፣ አሸዋ ውስጥ ተቀብራ የምትኖር አዳኝ ናት። ቀንድ አውጣ፣ አዳኝ! እኛ ደገኞች የምናውቃት ክረምት ሲገባ ቅጠል ስትቀረጥፍ ነው።

አሠራሯን ልንገራችሁ። እግሯን በባሕር ውኃ ትነፋና አሸዋውን እያረሰች ትሄዳለች፤ ሁለት ክዳኑን ገጥሞ የተቀበረ ዛጎል ስታገኝ በዚያ ግዙፍ እግሯ ጠቅልላ ትይዘዋለች። ከዚያ በአሲድ ታለሰልሰዋለች፤ ጥቃቅን ጥርስ በተደረደረበት ምላሷ ትፍቀዋለች፤ ደግሞ አሲድ፣ ደግሞ ፍቅፍቅ። በቀን ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል! ወፈር ያለ ዛጎል ከገጠማት ቀናት ይፈጅባታል፤ እሷ ግን ንቅንቅ የለም። ሲበሳ አፏን ሰድዳ ባለቤቱን እዚያው ቤቱ ውስጥ ትበላዋለች። የገዛ ዘሯን እንኳ አትምርም።

እንቁላሏንስ አይታችኋል? ከአሸዋና ከንፍጧ ለውሳ የምትሠራው ቀለበት ቁርጥ የጀበና ማቶት ነው። ባሕር ዳር የሚሄድ ሰው የተጣለ ፕላስቲክ መስሎት ያልፈዋል፤ ያሳዝናል።

በዚያው አሸዋ ኮን የምትባል ሌላ አዳኝም አለች፤ መርዟን በጦር ትወጋለች፤ ሰው የገደለችም አለች፤ በእጅ አትንኳት። ከኮን ዝርያዎች ከአንዷ መርዝ የተገኘው ዚኮኖታይድ የተባለ የሕመም ማስታገሻ አሜሪካ ውስጥ በ2004 እ.ኤ.አ. ተፈቅዷል። እሷ ሌላ ጽሑፍ ይገባታል።

ባሕርን ከእኛ ከሰሜን ሸዋ ጋር ምን አገናኘው እንዳትሉ። ከአንኮበር አፋፍ ወደ ምሥራቅ የሚታየው ቆላ ወደ አፋር ይወርዳል፤ በሸዋው ንጉሥ በሣህለ ሥላሴ ዘመን ከታጁራ ባሕር ዳር የተነሣ ሲራራ ነጋዴ አልዩ አምባ ገበያ የሚደርሰው ይህንኑ ቆላ አቋርጦ ነበር። የአፋር ዝቅታ ወደ ሰሜን ዘልቆ ደናክል ላይ ሲደርስ ደግሞ፣ ከዛሬ 125,000 ዓመት ገደማ በፊት ቀይ ባሕር ራሱ ገብቶበታል፤ የኮራሉ ድንጋይና ዛጎሉ ዛሬም ከጨው ሜዳው ዳር ይታያል።

በምዕራብ በኩል፣ መርሐቤቴ አጠገብ፣ የጀማ ሸለቆ የኖራ ድንጋይ ከዚያ እጅግ ይቀድማል፤ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በላይ የሆነው የባሕር ወለል ነው። እዚያ ግን የጨረቃ ቀንድ አውጣዋን ቀዳዳ ለመፈለግ አልደክምም። የሷ ዘር የተስፋፋው ከዚያ በኋላ፣ በክሬታሽየስ ዘመን ነው። የጀማ ዛጎሎች ብዙ ጠላት ነበረባቸው፤ ይህችን ሰርሳሪ ግን ሳያውቋት ነው ያለፉት። ዕድለኞች!

የደናክል ዛጎሎች እንደነሱ ዕድለኛ አይመስሉኝም። ወደዚያ የምትወርዱ ካላችሁ፣ ዛጎሉን ከቦታው ሳታነሱ ጎንበስ ብላችሁ ቀዳዳውን ፈልጉልኝ፦ ከውጭ ሰፊ፣ ከውስጥ ጠባብ። ካገኛችሁ ፎቶውን በሌሊትም ቢሆን ላኩልኝ።