የዱርዬው አፍቃሪ ማራኪነት እና የጀግናዋ እምቢታ

ወሲባዊ ትዕይንቶችን በግልጽ በሚያቀርበው የምዕራቡ ዓለም ዘመናዊ የፍቅር ልብ ወለድ ውስጥ ደጋግሞ የሚገኝ አንድ ወንድ ገጸ ባሕርይ አለ፤ እርሱም ዱርዬው አፍቃሪ ነው። ዱርዬ አፍቃሪ ሲባል ወግና ሥርዓት የማይገዛው፣ ያለፈ ሕይወቱ በምስጢርና በቁስል የተሞላ፣ ልቡን ለሌላው ሁሉ ዘግቶ ለአንዲት ሴት ብቻ የሚረታ ወንድ ማለት ነው። ሴቶች በገሃዱ ዓለም የሚሸሹትን ዓይነት ሰው በልብ ወለድ ለምን ይወዱታል ለሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ አንባቢዎችን የሚወቅስ ነው። ይህ ዳሰሳ ግን መልሱ በልብ ወለዱ አወቃቀር፣ በተለይም ጀግናዋ እምቢ ስትል በሚከተለው ነገር ውስጥ መፈለግ እንዳለበት ይሞግታል።

የገጸ ባሕርዩ የዘር ሐረግ ረጅም ነው። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ሪቻርድሰን እ.ኤ.አ. በ1740 ባሳተመው «ፓሜላ» የቤት ሠራተኛውን ሊደፍር ደጋግሞ የሞከረው ጌታ በጽናቷ ተሸንፎ ያገባታል፤ በ1747 እና በ1748 በተከታታይ በወጣው «ክላሪሳ» ግን ላቭሌስ የተባለው አንደበተ ርቱዕ ባለጌ ክላሪሳን ከደፈራት በኋላ ላግባሽ ቢላት አሻፈረኝ ብላ ትሞታለች። ኢ. ኤም. ሀል በ1919 ባወጣችው «ሼኩ» እና ካትሊን ውዲዊስ በ1972 ባሳተመችው «ነበልባሉና አበባው» ጥቃት ፈጻሚው ወንድ ኋላ ላይ ተፈቃሪ ባል ስለሚሆን፣ ሁለቱም የ«ፓሜላ»ን መንገድ እስከ ጫፉ ገፍተው የሄዱ ሥራዎች ናቸው።

አንባቢዎች ከዚህ መንገድ የሚያገኙትን ነገር በጥልቀት ከመረመሩት መካከል አሜሪካዊቷ ጃኒስ ራድዌይ ትገኛለች። ራድዌይ በ1984 በታተመው መጽሐፏ ያነጋገረቻቸው ሴቶች ከሁሉ በላይ የሚወዱት ብልህና ርኅሩኅ ወንድ መሆኑን ገልጸውላታል፤ አንዳንዶቹም ታሪኩ በደስታ መቋጨቱን ለማረጋገጥ መጨረሻውን አስቀድመው ያነቡ ነበር። ሌላዋ ተመራማሪ ታኒያ ሞድልስኪ ደግሞ በ1982 እንዳስረዳችው፣ የዘውጉን ሕግ የምታውቅ አንባቢ የወንዱን ጭካኔ ገና ከጅምሩ የተሸሸገ ፍቅር ምልክት አድርጋ ትተረጉመዋለች። ዛሬ ብዙ ደራሲዎች ምዕራፎቹን በሁለቱ ፍቅረኞች አንደበት እያፈራረቁ ሲተርኩ፣ ጀግናዋ ገና ያልደረሰችበትን የወንዱን ፍርሃትና ጸጸት አንባቢዋ ቀድማ ታውቃለች። ስለዚህ የሚማርካት ክፋቱ ራሱ ሳይሆን፣ ማንም የማያዘው ሰው በአንዲት ሴት ፊት ሲንበረከክ፣ ምንም ጉዳት በማይደርስበት ቦታ ሆኖ የማየት ዕድል ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ዋስትና የአንባቢዋ እንጂ የጀግናዋ አይደለም፤ የጀግናዋ ዋስትና ጥላ መሄድ መቻሏ ነው። ሻርሎት ብሮንቴ በ1847 ባሳተመችው «ጄን ኤር» የጄን አፍቃሪ ሮቼስተር ሚስቱ በሕይወት እያለች ሊያገባት መሞከሩ ሲጋለጥ፣ ጄን የበሩን ቁልፍ ድምፅ እንዳያሰማ ዘይት ቀብታ፣ እርሱ የሰጣትን የዕንቁ ሐብል ትታ፣ ሃያ ሽልንግ ብቻ ይዛ ጎሕ ሲቀድ ትወጣለች። የምትመለሰውም ከአጎቷ የወረሰችውን ሃያ ሺህ ፓውንድ ከሦስት ዘመዶቿ ጋር ተካፍላ፣ የማንንም እጅ የማታይ ሴት ከሆነች በኋላ ነው። ኢ. ኤል. ጄምስ በ2011 ባወጣችው «ፊፍቲ ሼድስ ኦፍ ግሬይ» መጨረሻ ላይም አናስታሲያ በቀበቶ የገረፋትን ባለጸጋ ክርስቲያን ግሬይን የሰጣትን ኮምፒውተር፣ ስልክና መኪና መልሳለት ትለየዋለች። ነገር ግን በሁለተኛው ቅጽ ሳምንት ሳይሞላ ይታረቃሉ፤ እርሱም የምትሠራበትን የኅትመት ድርጅት ይገዛዋል። ሁለቱም ሴቶች ስጦታ ትተው ቢሄዱም፣ የጄን መሄድ የኃይል ሚዛኑን ሲለውጥ የአናስታሲያ መሄድ ግን የእንጀራዋን ምንጭ ሳይቀር በወንዱ እጅ አስገብቶ ያበቃል።

ኮሊን ሁቨር በ2016 ባሳተመችው «ኢት ኤንድስ ዊዝ አስ» ይህን ጉዳይ ወደ ፊት ታመጣዋለች። ራይል የተባለው ማራኪ ሐኪም ባሏ እየደበደበ ይቅርታ ሲጠይቃት የቆየችው ሊሊ ሴት ልጃቸውን በወለደች ጊዜ ፍቺ ትጠይቃለች። የራይል የልጅነት ቁስል በታሪኩ ውስጥ ተገልጿል፤ ቁስሉ ግን ዱላውን አያስምርለትም። ደራሲዋ በዚህ አሳዛኝ ምርጫ የዘውጉን አንባቢ ሳትንቅ፣ ጭካኔን እንደ ፍቅር የመተርጎም ልማዱን ትፈትነዋለች።

ዱርዬ አፍቃሪን የሚያሳይ ልብ ወለድ ሊመዘን የሚገባው እንግዲህ በወሲባዊ ትዕይንቱ ድፍረት ወይም በወንዱ ኃጢአት ብዛት አይደለም። የጀግናዋ እምቢታ የታሪኩን አቅጣጫ የሚያስለውጥ ከሆነ ወንዱ መለወጡ ተአማኒ ይሆናል፤ እምቢታዋ ዕርቁን ለማጣፈጥ ብቻ የገባ ከሆነ ግን ልብ ወለዱ ፍቅርን ሳይሆን መሸነፍን ያስተምራል።