የምታጥባቸው ማን ናት?

«እትዬ፣ ይሄኛው አምስት ኮከብ አለው። ለእማዬ እሱን ልምረጥላት?»

የጠየቀኝ ሜሪላንድ የሚኖር ወጣት ነው። እናቱ ስትሮክ መትቷቸው ሆስፒታል ተኝተዋል። ሶሻል ወርከሯ የነርሲንግ ሆሞች ስም የተዘረዘረበት ወረቀት ሰጥታው፣ እስከ ነገ ጠዋት እንዲወስን ነግራዋለች። ነርሲንግ ሆም የምንሠራ ሰዎች ይህ ጥያቄ ቤተ ክርስቲያን ግቢም ልቅሶ ቤትም ይጠብቀናል፤ ጠያቂው ደግሞ ሁልጊዜ ጊዜ የለውም። እኔም ለሁሉም የምመልሰውን መለስኩለት። ኮከቡን ተወውና እናትህን የምታጥባቸው ማን እንደሆነች ጠይቅ። ስንት ሰው ይዛለች? የዛሬ ሦስት ወርስ እዚያው ትኖራለች?

በዚህ ጉዳይ ለዓመታት የምንከራከር አንድ ወዳጅ አለኝ። እሱም ነርስ ነው፤ ሥራው የነዋሪዎችን ሁኔታ መዝግቦ ለመንግሥት መላክ ነው። ሜዲኬር የተባለው የመንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኮከቡን የሚሰጠው የቁጥጥር ውጤትን፣ የሠራተኛ ብዛትንና የእንክብካቤ ጥራት መለኪያዎችን ደምሮ ነው። ወዳጄ «አንድ ሌሊት ብቻ ያለው ቤተሰብ ከዚህ የተሻለ ምን ያገኛል?» ይለኛል። እኔ ግን አልቀበለውም። የጥራት መለኪያው አብዛኛው ቤቱ ስለ ራሱ ሞልቶ የሚልከው ነው። የቁጥጥሩ ኮከብ ደግሞ በየስቴቱ ውስጥ በማወዳደር የሚሰጥ ነው፤ ከስቴቱ ቤቶች የተሻሉት 10 በመቶ አምስት ኮከብ ያገኛሉ፣ የመጨረሻዎቹ 20 በመቶ አንድ። ስለዚህ የሜሪላንድን አምስት ከቨርጂኒያ አምስት ጋር ማስተያየት አይቻልም። ተቆጣጣሪዎቹ ሳይናገሩ ይመጣሉ፤ ነገር ግን በሁለት ቁጥጥር መካከል ከ15 ወር በላይ ማለፍ ስለሌለበት ወቅቱ ሲቃረብ ሁላችንም እናውቃለን። ያን ሰሞን ኮሪደሩ በሠራተኛ ይሞላል።

ወዳጄ በአንድ ነገር ያሸንፈኛል። ከ2022 ወዲህ የቅዳሜና እሑድ የሠራተኛ ብዛትና በዓመት ውስጥ ሥራ የለቀቁ ሠራተኞች መጠን በሜዲኬር ድረ ገጽ ላይ ይወጣል። ገጹን ከከፈታችሁ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ፈልጉ፤ ሌላውን እለፉት። ሁለቱም የሚናገሩት ስለዚያችው ስለምታጥበው ሴት ነውና።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። የስምንት ሰዓት ሺፍት የዕረፍቱ ግማሽ ሰዓት ሲወጣለት 450 ደቂቃ ይቀረዋል። አንዲት ረዳት ነርስ (ሲኤንኤ) አሥር ሰው ከያዘች ለአንድ ሰው 45 ደቂቃ አላት። በዚያ ውስጥ ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ ቁርስና ምሳ ታበላለች፣ ዳይፐር ትቀይራለች፣ በየሁለት ሰዓቱ ጎን ታገላብጣለች፣ የሠራችውን ትመዘግባለች። በማንሻ መሣሪያ የሚነሳ ሰው ካለ ሁለት ሠራተኛ ይፈልጋል፤ ከጓደኛዋም ደቂቃ ይቆረጣል። አንዲቷ አልመጣም ብላ ስትደውልና ያው ሥራ ለቀሩት ሲከፋፈል፣ አሥሩ አሥራ አምስት ይሆንና 45ቱ ደቂቃ 30 ይሆናል። በ30 ደቂቃ ምን እንደሚጎድል የማውቀው ራሴ ስለጎደለብኝ ነው። መጀመሪያ ወሬው ይቀራል። ቀጥሎ ጥርስ ማጠብ ይቀራል። ቀጥሎ እናታችሁ ሽንት ቤት መሄድ እየቻሉ ዳይፐር ይደረግላቸዋል፤ ከዚያ በኋላ መቻሉም ይጠፋል።

የፌዴራሉ መንግሥት በ2024 ለአንድ ነዋሪ በቀን ቢያንስ 3.48 ሰዓት የነርሶችና የረዳቶች ሥራ እንዲኖር፣ ከዚያም ውስጥ 2.45ቱ የረዳቶች እንዲሆን ደንብ አውጥቶ ነበር። በ2025 ቴክሳስ ውስጥ አንድ የፌዴራል ዳኛ ደንቡን ሻረው። የፌዴራል ሕግ ያላስገደደውን እንግዲህ ቤተሰብ ራሱ ሄዶ ማየት አለበት።

መቼ? እሑድ ማታ፣ በእራት ሰዓት። ማክሰኞ ጠዋት ከሄዳችሁ የምታገኙት ደንበኛ ተቀባይዋን ነው፤ ፒያኖውንና የአሳውን ገንዳ ታሳያችኋለች። እሑድ ማታ እሷ ቤቷ ናት። በየሺፍቱ መጀመሪያ ስንት ነርስና ስንት ረዳት እንዳለ፣ ስንት ነዋሪም እንዳለ የሚገልጽ ወረቀት ጎብኚ በሚያየው ቦታ እንዲለጠፍ ሕግ ያዛል፤ እሱን አንብቡና ኮሪደሩ ላይ ካያችኋቸው ሰዎች ጋር አስተያዩት። ከአንድ በር በላይ የጥሪ መብራት (ኮል ላይት) ሲበራ ሰዓታችሁን ተመልከቱ። የምታበላዋ ሠራተኛ ከጎናቸው ተቀምጣለች ወይስ ቆማ ታጎርሳለች? የውሃው ብርጭቆ እጃቸው ይደርስበታል? አልጋ ላይ የዋሉት ሰዎች ተረከዛቸው ፍራሹን እንዳይነካ ከእግራቸው ሥር ትራስ ተደርጎላቸዋል? የሽንት ሽታ ብዙ አያስደንግጣችሁ፤ አሁን የሆነ ነገር ሊሆን ይችላል። ከአፍ እስከ ገደፉ ሽቶ የተረጨበት ቤት ግን እኔን ያሠጋኛል።

ከዚያ አንዷን ረዳት አስቁማችሁ፣ «እዚህ ስንት ጊዜሽ ነው? ነገም የምትይዢው እነዚህኑ ሰዎች ነው?» በሏት። በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ አካባቢ ብዙ ጊዜ የምታስቆሟት የአገር ልጅ ትሆናለች። እናቷን እዚያ ታስተኛ እንደሆነ ጠይቋት፤ ፊቷ ይነግራችኋል።

እነዚያኑ ሰዎች ስለመያዝ የምለፈልፈው ያለ ምክንያት አይደለም። በወጣትነቴ በያዝኩት ኮሪደር የመርሳት ሕመም የጠናባቸው አንዲት አሜሪካዊት ነበሩ። የልጃቸውን ስም ከረሱ ቆይተዋል። አዲስ ሰው ሊያለብሳቸው ሲሞክር ይጮሃሉ፣ ይቧጭራሉ፤ መዝገባቸው ላይ «ትማታለች» የሚል ተጽፎባቸዋል። በየጠዋቱ የያዝኳቸው እኔ ስለሆንኩ ግን ከጊዜ በኋላ እጅጌው ሳይደርስ ክንዳቸውን ይዘረጉልኝ ጀመር። ማን እንደሆንኩ አያውቁም፤ ገላቸው ግን እጄን ለይቷል። ዕረፍት ወጥቼ ስመለስ ለጠባያቸው ማረጋጊያ መድኃኒት ታዞላቸው አገኘሁ። የተለወጠው ጠባያቸው አልነበረም፤ የተለወጠው የሚያለብሳቸው ሰው ነበር። ለዶክተሩ አስረድቼ መድኃኒቱ ቆመ። ቁስልም እንዲሁ ነው። ወገብ ላይ የወጣውን መቅላት ቀድማ የምታየው ትናንት ያልነበረ መሆኑን የምታውቀው ናት። ዛሬ ከኤጀንሲ የመጣች ሠራተኛ ትናንትን ከየት ታመጣዋለች?

ለእኛ ሰው ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ነርሷ ሕመምዎ ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ነው ስትላቸው እናቶቻችን እግዚአብሔርን አመስግነው ዝም ይላሉ፤ እሷም ዜሮ ብላ ትጽፋለች። ሕመሙ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ነጠላቸውን መሳብ ሲተዉ፣ ቡና ሲቀርብላቸው ፊታቸውን ሲያዞሩ። የመርሳት ሕመም ሲጠና በኋላ የተማሩት እንግሊዝኛ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ ይሸሻቸዋል። ረቡዕና ዓርብ ሥጋ ያለበትን ሳህን ሳይነኩ ሲመልሱ «ምግብ እምቢ አለች» ተብሎ ይመዘገባል። ፈሳሽ ወደ ሳንባ እንዳይገባባቸው ውሃቸው እንዲወፍር ተደርጎ የሚሰጣቸው እናት ደግሞ ከልጆቻቸው እጅ ፀበል ይጠጣሉ፤ ይህንንም ሳይቆጣ የሚያስረዳ ሰው ያስፈልጋል። ቋንቋችንን የማታውቅ ሴት እንኳ ለወራት ከያዘቻቸው ይህን ሁሉ ትማረዋለች። አንዲት የጋና ሴት ጾማችንን ከብዙዎቻችን አጥብቃ ስትቆጥር አይቻለሁ።

ስለ ገንዘቡ ባጭሩ። ሜዲኬር የሚከፍለው ሦስት ቀን በሆስፒታል በተኝቶ ታካሚነት ከቆዩ በኋላ፣ ያውም እስከ 100 ቀን ነው፤ ከ21ኛው ቀን ጀምሮ ድርሻ ያስከፍላል። ለክትትል ብቻ ተብሎ የታደረ ሌሊት አይቆጠርም፤ ሆስፒታሉን በጊዜ ጠይቁ። ከዚያ ያለው የኪስ ወይም ለዝቅተኛ ገቢ ሰዎች የሚከፍለው የሜዲኬይድ ነው። እናታችሁን ስታስገቡ ከሚቀርበው የወረቀት ክምር ውስጥ ክርክር ቢነሳ ፍርድ ቤት አልሄድም የሚለውን ውል የመፈረም ግዴታ የለባችሁም። ለእናታችሁ ዕዳ በራሳችሁ ገንዘብ ዋስ እንድትሆኑም ሊያስገድዷችሁ አይችሉም።

ወላጅን እንዲህ ያለ ቤት ማስገባት ለእኛ ከባድ ነው። የአረጋውያን ቤት ሲባል የሚታየን ዘመድ ያጣ ሰው ነው፤ አዲስ አበባ ያለው መቄዶንያም የተነሳው ጎዳና ላይ የወደቁትን ለማንሳት ነው። ስለዚህ ብዙ ልጆች በኀፍረት ይመርጣሉ፤ በኀፍረት የመረጠ ሰው ደግሞ አይጠይቅም፣ ቶሎ ይፈርምና ይሮጣል። ኀፍረቱን እኔም አውቀዋለሁ፣ በሌላ በኩል። እዚህ አገር እንደመጣሁ ቤተሰቦቼ ምን እንደምሠራ ሲጠይቁኝ «ሆስፒታል» እል ነበር። ሰው አጥባለሁ ማለት ይከብድ ነበር። ዛሬ ነርስ ነኝ፣ ሌሎችን እመራለሁ፤ ግን ከሠራሁት ሁሉ የማከብረው የማጠቡን ሥራ ነው። ሰውን ማክበር የተማርኩት በዚያ ነው፤ ፎጣ ሳይከድኑ ገላ አለመግለጥን፣ ውሃውን በራስ ክንድ መለካትን፣ መልስ ለማይሰጥ ሰው አሁን ምን ልታደርግ እንደሆነ መንገርን። ልጆቼን ያሳደግኩት በዚያው ትምህርት ነው። ይህን ሥራ የሚንቅ ሰው ለእናቱ ጥሩ ቤት መምረጥ አይችልም፤ ምን እንደሚመርጥ አያውቀውምና።

መምረጡም በመግቢያው ቀን አያበቃም። ቤቱ በየሦስት ወሩ ስለ እናታችሁ እንክብካቤ ዕቅድ ይሰበሰባል፤ እናንተም ትጠራላችሁ። ነርሷ፣ ሶሻል ወርከሯና የምግብ ባለሙያዋ ወረቀታቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። ዕቅዱን ከሚያወጡት መካከል የምትንከባከባቸው ረዳት እንድትኖርበት የፌዴራሉ ደንብ ከ2016 ጀምሮ ያዛል፤ ብዙ ጊዜ ግን ወንበሯ ባዶ ነው፣ ምክንያቱም በዚያች ሰዓት እሷ ሰው እያጠበች ነው። በስሟ አስጠሯት። እስክትመጣ ስብሰባው አይጀመር በሉ፤ ስትመጣም ከሁሉም በፊት እሷን ጠይቁ።